ደማችሁ ያልወደደውን እጩ ስትመዝኑ

ውድ ወጣት መራጮች፣

«ይሄን ሰው ደሜ አልወደደውም» ብሎ ቴሌቪዥን የሚያጠፋ መራጭ ብዙ ነው። ለምን ሲባል፣ ዓይኑ ይርገበገባል፣ ፈገግታው ያለቦታው ይመጣል፣ እጁ አያርፍም ይላል። እንዲህ መሰማቱ ነውር የለውም። ከየት እንደመጣ ሳይጣራ የምርጫ ካርድ ላይ መድረሱ ግን ያሳስበኛል።

ስሜቱ ከማሰብ ይቀድማል። የሥነ ልቦና ተመራማሪው አሌክሳንደር ቶዶሮቭና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት ጥናት፣ ሰዎች የማያውቋቸውን የአሜሪካ ሴኔት ተወዳዳሪዎች ፎቶ በጨረፍታ አይተው የትኛው ብቁ እንደሚመስል ተጠየቁ። ብቁ ይመስላል ያሉት ሰው ከአሥር ውድድሮች በሰባቱ ገደማ ያሸነፈው ሆኖ ተገኘ። ስለ ፖሊሲ አንድ ቃል አልሰሙም።

እ.ኤ.አ. መስከረም 26 ቀን 1960 ለአሜሪካ ፕሬዚዳንትነት የሚወዳደረው ኒክሰን ከተቀናቃኙ ከኬኔዲ ጋር በቴሌቪዥን ሲከራከር አገጩ ላይ ላብ ታየ፤ ፊቱም ገረጣ። ብዙ ተመልካች የፈራ ሰው አድርጎ ወሰደው። ነገር ግን ኒክሰን በጉልበት ኢንፌክሽን ሆስፒታል ተኝቶ ከወጣ ብዙም አልቆየም፤ ክብደቱ ቀንሶ ነበር፤ የባለሙያ ሜካፕም አልተቀበለም። ግራጫ ልብሱ ከጀርባው ግድግዳ ጋር ተመሳሰለ፤ የስቱዲዮው መብራት ደግሞ ይፋጃል። ከዚህ ሁሉ ውስጥ ስለ አገር አመራር የሚናገር አንድም የለም።

ለአሜሪካ ፕሬዚዳንትነት የዴሞክራቶች እጩ ለመሆን የተወዳደረው የሆዋርድ ዲን ጩኸትም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 2004 በአዮዋ ግዛት በተደረገው የፓርቲው ምርጫ ሦስተኛ ከወጣ በኋላ ደጋፊዎቹን ሲያበረታታ፣ ማይክሮፎኑ የእሱን ድምፅ ብቻ ለይቶ ወሰደ፤ የአዳራሹ ሁካታ ቀረ። በቦታው ለነበሩት ጩኸቱ ከሁካታው ጋር የተቀላቀለ ነበር፤ በቴሌቪዥን ያዩት ግን ሰውዬው ያበደ መሰላቸው። ቁርጥራጩ ለቀናት ተደጋገመ። ስለዚህ ቁርጥራጭ ቪዲዮ ሲደርሳችሁ፣ ከፊቱና ከኋላው ያለውን ቢያንስ አምስት አምስት ደቂቃ ፈልጋችሁ እዩ።

አሠራሩ ቅደም ተከተል ይፈልጋል። መጀመሪያ የክርክሩን ቃል በጽሑፍ አንብቡ። ፊቱን አስቀድማችሁ ካያችሁ ጽሑፉንም በዚያው ፊት ታነቡታላችሁ። ቀጥሎ ምስሉን ዘግታችሁ አድምጡ፤ በመጨረሻ ከነምስሉ እዩ። ከዚያ እጩው ዘና ብሎ የተናገረበትን የቆየ ቃለ መጠይቅ ፈልጉ። ያኔም የሚርገበገብ ከሆነ ተፈጥሮው ነው። አንድ ጥያቄ ሲነሳ ብቻ የሚለወጥ ከሆነ ያንን ጥያቄ መዝግቡ፤ መልሱን ከቀድሞ ንግግሩና በምክር ቤት ከሰጠው ድምፅ ጋር አስተያዩ። ዋሸ ለማለት ግን አትቸኩሉ። ቦንድና ዴፓውሎ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ብዙ ጥናቶችን አሰባስበው ሲመረምሩ፣ ሰው ውሸትን ከእውነት የሚለየው በአማካይ ከመቶ 54 ጊዜ ብቻ መሆኑን አገኙ፤ ሳንቲም ከመወርወር ብዙም አይሻልም።

መንተባተብ፣ የእጅ መንቀጥቀጥ፣ የፊት መጣመም ከሚዛኑ ይውጡ። እ.ኤ.አ. በ1993 የካናዳ ምርጫ የወግ አጥባቂዎቹ ፓርቲ፣ የፊቱ አንድ ጎን ሽባ የሆነውን የተቀናቃኙን የሊበራል ፓርቲ መሪ የዣን ክሬቲየንን ፊት የሚያጎላ ማስታወቂያ አሠራጨ። ቁጣው ከራሱ ከፓርቲው ሰዎችም ስለመጣ ማስታወቂያው ተነሳ። ፓርቲው ቀድሞም እያሽቆለቆለ ነበር፤ በመጨረሻ 2 መቀመጫ ብቻ ቀረው። መራጩ በሰው ሕመም መሳለቅን አለመታገሡ እኔን ደስ ይለኛል።

በሌላ ሰው ላይ የሚደረገው ግን ይመዘን። ተቀናቃኝን እያቋረጡ አለማስጨረስ፣ ጋዜጠኛን ማስፈራራት፣ ጠያቂን ማዋረድ ሥልጣን ሲያዝ የሚከተለውን ይጠቁማል። እ.ኤ.አ. በ2000 በአሜሪካ የፕሬዚዳንት እጩዎች ክርክር አል ጎር ተቀናቃኙ ቡሽ ሲናገር ኡፍ እያለ በረጅሙ መተንፈሱ ከዚህ ወገን ነው፤ ቀላል ጥፋት ቢሆንም መመዝገብ አለበት። ስንት ጊዜ እንደሆነ ግን ከሙሉው ክርክር ቁጠሩ፤ ተለቅመው የተቀጣጠሉት አንድ ላይ ሲሰሙ ይበዛሉ።

ይህንኑ ሁሉ ለምትወዱት እጩም አድርጉ። የሚያምር ድምፅና የረጋ እጅ በልምምድ ይመጣል፤ አሠልጣኝ ይቀጠርለታል። እሱንም መጀመሪያ በጽሑፍ አንብቡት።