የኮሌጅ ቅርጫት ኳስ፦ የኮንፈረንስ ቀጥታ ማለፊያ ለማን ይሰጥ? (ጥያቄና መልስ)

መላሽ፦ ከመጠየቃችሁ በፊት ስለ የትኛው ኮንፈረንስ (እርስ በርስ የሚጫወቱ የአሜሪካ ኮሌጆች ስብስብ) እንደሆነ ጻፉ። ስምንት ቡድን ያለበትና አሥራ ስምንት ቡድን ያለበት ኮንፈረንስ አንድ ዓይነት መልስ የላቸውም። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

የዲሲው፦ ለጀማሪዎች፣ ማለፊያው የሚሰጠው እንዴት ነው?

መላሽ፦ በወንዶቹ የኤንሲኤኤ (የአሜሪካ ኮሌጆች ስፖርት ማኅበር) አገር አቀፍ ውድድር 68 ቡድኖች ይገባሉ። በ2025 ከእነዚህ 31ዱ የኮንፈረንሳቸውን ቀጥታ ማለፊያ ይዘው ገቡ፣ 37ቱን ኮሚቴ መረጠ። ቀጥታ ማለፊያውን ለማን እንደሚሰጥ የሚወስነው ኮንፈረንሱ ራሱ ነው። ዛሬ ሁሉም የሚሰጡት ከመደበኛው ውድድር በኋላ ለሚደረገው የኮንፈረንሱ ጥሎ ማለፍ አሸናፊ ነው። አይቪ ሊግ ለመደበኛው ውድድር አንደኛ ሲሰጥ ቆይቶ በ2017 ተወው፤ ከሁሉም የመጨረሻው እሱ ነበር።

የሚኒያፖሊሱ፦ ሁለት ወር ተጫውቶ አንደኛ የወጣ ቡድን በአንድ ማታ ሲወድቅ ግፍ አይደለም? ጥያቄዬ ስለ ትናንሾቹ ኮንፈረንሶች ነው።

መላሽ፦ ጥሩ፣ እንዲህ ለይታችሁ ጠይቁ። ግፍ ነው። ጥሎ ማለፉን ማስቀረት ግን አያስፈልግም፤ መልኩን መቀየር ይበቃል። እኔ የምደግፈው መሰላሉን ነው። ስምንት ቡድን ካለ በመጀመሪያው ማታ 5ኛው ከ8ኛው፣ 6ኛው ከ7ኛው ይጋጠማሉ። በሁለተኛው 3ኛውና 4ኛው ይገባሉ። 1ኛውና 2ኛው የሚገቡት በግማሽ ፍጻሜው ነው። ዌስት ኮስት ኮንፈረንስ ጎንዛጋን ለዓመታት የጠበቀው በዚህ ነው።

ስሌቱን ተመልከቱ። አንደኛው ቡድን እያንዳንዱን ጨዋታ የማሸነፍ ዕድሉ 80 በመቶ ነው እንበል። በተለመደው የስምንት ቡድን ጥሎ ማለፍ ሦስት ጊዜ ማሸነፍ ስላለበት ዋንጫውን የማንሳት ዕድሉ 51 በመቶ ነው። በመሰላሉ ሁለት ጊዜ ካሸነፈ ስለሚበቃው 64 ይሆናል። ሁለቱንም በራሱ ሜዳ ተጫውቶ የአንዱ ጨዋታ ዕድሉ 85 ቢደርስ፣ 72። በየጨዋታው 40 በመቶ ዕድል ያለው 8ኛው ደግሞ ከ6.4 ወደ 2.6 በመቶ ይወርዳል። በሩ አልተዘጋበትም፣ ጠበበበት እንጂ።

ሜዳው የመሰላሉን ያህል ይወስናል። መሬይ ስቴት በ2015 በኦሃዮ ቫሊ ኮንፈረንስ 16ቱንም ጨዋታ አሸንፎ በቀጥታ ግማሽ ፍጻሜ ገባ። በፍጻሜው በቤልሞንት 88 ለ 87 ተሸነፈ፣ ኮሚቴውም ሳይመርጠው ቀረ። ጨዋታው የተካሄደው «ገለልተኛ» በተባለ ሜዳ ናሽቪል ላይ ነው፤ ቤልሞንት የናሽቪል ትምህርት ቤት ነው። በ2017ቱ የአይቪ ውድድርም 14ቱንም ጨዋታ ያሸነፈው ፕሪንስተን፣ 4ኛ የወጣውን ፔንን የገጠመው በፔን በራሱ አዳራሽ ነበር፤ ያለፈውም በጭማሪ ሰዓት ነው። ከተማው አስቀድሞ ከተመረጠ ሜዳው ለማን እንደሚደላ ደረጃው አይወስንም።

የአትላንታው፦ በየትምህርት ቤቱ ሜዳ ማካሄድስ አይከብድም?

መላሽ፦ ይከብዳል፣ ግን ፓትሪዮት ሊግና አሜሪካ ኢስት ያደርጉታል። በዙሮቹ መካከል ቢያንስ ሁለት ቀን ክፍተት ይኑር፤ ተጓዡ ቡድን ወዴት እንደሚሄድ የሚያውቀው ያለፈው ዙር ሲያልቅ ነው። ማስተናገድ የሚችሉ ሁሉ አዳራሻቸውን ለነዚያ ቀናት ከሲዘኑ በፊት ያስይዙ፣ ተለዋጭ አዳራሽም ያስመዝግቡ። አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው እዚህ ጋ ነው፤ የሴቶቹ ቡድን በዚያው ቀን በዚያው ሜዳ ጨዋታ ይኖረዋል። አስተናጋጁ የግድ ያሸንፋል ማለትም አይደለም። ዩኤምቢሲ በ2018 ቬርሞንትን ሜዳው ላይ 65 ለ 62 አሸንፎ ነው ሄዶ ቨርጂኒያን የጣለው።

የሲያትሉ፦ ለምን ለአንደኛው በቀጥታ አይሰጡትም?

መላሽ፦ ከላይ መልሻለሁ። የየትኛው ኮንፈረንስ አንደኛ? አይቪ ስምንት ቡድን ነው፤ ሁሉም ከሁሉም ጋር በደርሶ መልስ 14 ጨዋታ ይጫወታል፣ ሰንጠረዡ ይታመናል። ቢግ ቴን ግን 18 ቡድን ይዞ 20 ጨዋታ ነው የሚጫወተው፤ ከ14ቱ ጋር አንድ ጊዜ፣ ከሦስቱ ጋር ሁለት ጊዜ። ሦስቱ ደካማ ከደረሱህ አንደኛነትህ ግማሹ የመርሐ ግብሩ ነው። ትንሹንና ትልቁን ኮንፈረንስ አትቀላቅሉ።

የሲያትሉ፦ ኤንሲ ስቴት በ2024 ከ10ኛ ደረጃ ተነስቶ በአምስት ቀን አምስት ጨዋታ አሸነፈ፣ እስከ መጨረሻዎቹ አራት ደረሰ። መሰላል ቢኖር ይህን እናይ ነበር?

የአትላንታው፦ ባያሸንፍ ኮሚቴው አይመርጠውም ነበር። የሌላ ቡድን ቦታ ነው የወሰደው።

የሲያትሉ፦ ሜዳ ላይ ያሸነፈ ምን ወሰደ ይባላል?

መላሽ፦ ይህ ኤንሲ ስቴት ስላለበት ትልቅ ኮንፈረንስ፣ ስለ ኤሲሲ ነው። እዚያ ጠንካራው ቡድን ቢወድቅም ኮሚቴው ያስገባዋል፤ አንድ ማለፊያ ብቻ ያለው ኮንፈረንስ ግን ሌላ በር የለውም። እንመለስ።

የዴንቨሩ፦ ከዝቅተኛው እርከን ከዲቪዥን 2 የመጣና ገና ወደ ኤንሲኤኤው ውድድር መግባት ያልተፈቀደለት ቡድን የኮንፈረንሱን ዋንጫ ቢያነሳስ? በኤሰንና በኖርዝኢስት ኮንፈረንሶች ሆኗል።

መላሽ፦ ሁለቱ ለየቅል ነው የፈቱት። በኤሰን በ2022 ቤላርሚን ዋንጫውን ወሰደ፣ ማለፊያው ለመደበኛው ውድድር አንደኛ ለጃክሰንቪል ስቴት ተሰጠ። በኖርዝኢስት በ2023 ሜሪማክ አሸነፈ፣ ማለፊያው በፍጻሜው ለተሸነፈው ፌርሊ ዲኪንሰን ሄደ። የኤሰኑ ይሻላል። በኖርዝኢስት ደንብ ሜሪማክ ለፍጻሜ እንደደረሰ ተጋጣሚው አልፏል፤ ፍጻሜው የሚወስነው ነገር አልነበረም። በኤሰን ግን የቤላርሚን የፍጻሜ ተጋጣሚ ጃክሰንቪል (ከጃክሰንቪል ስቴት የተለየ ትምህርት ቤት ነው) ፍጻሜውን ቢያሸንፍ ያልፍ ነበር፣ ተሸነፈና ቀረ። የትኛውም ቢመረጥ ደንቡ ከመጀመሪያው ጨዋታ በፊት ይጻፍ።

የሚኒያፖሊሱ፦ ያው ፌርሊ ዲኪንሰን እኮ ፐርዱን 63 ለ 58 አሸነፈ።

መላሽ፦ አሸነፈ። የደንቡን ትክክለኛነት ግን አያሳይም። ደንብ የሚመዘነው ጨዋታው ከመደረጉ በፊት ባለው ዕድል ነው።

የዲሲው፦ ሃዋርድ በ2023 ኖርፎልክ ስቴትን 65 ለ 64 ያሸነፈው ኖርፎልክ ከተማ ውስጥ ነበር። የአንተን ሐሳብ አያፈርስም?

መላሽ፦ አያፈርስም፣ ያጠናክረዋል። አንደኛ ደረጃ የያዘው ሃዋርድ ነበር። በእኔ አሠራር ያ ጨዋታ ዲሲ ነበር የሚካሄደው።

የፊላደልፊያው፦ የትኛው ኮንፈረንስ ነው ምርጡ?

መላሽ፦ በምን ምርጥ? ለይተህ ጠይቅ።

የዴንቨሩ፦ ለትንሽ ኮንፈረንስ ገንዘቡስ?

መላሽ፦ በኤንሲኤኤ ውድድር ቡድኑ በተጫወተ ቁጥር ኮንፈረንሱ በስድስት ዓመት የሚከፈል ድርሻ ያገኛል። አንድ ጨዋታ ተጨማሪ ማሸነፍ የሚችለውን ቡድን መላክ ለሁሉም አባላት ይጠቅማል። ሊበርቲ በ2013 20 ጊዜ ተሸንፎም የቢግ ሳውዝ ኮንፈረንስን ማለፊያ ይዞ ገብቶ በመጀመሪያው ጨዋታ 73 ለ 72 ተሸንፎ ተመልሷል።

የአትላንታው፦ ሁለት ቡድን እኩል አንደኛ ቢወጣ ሜዳው ለማን ነው?

መላሽ፦ መጀመሪያ እርስ በርስ የተጫወቱት ውጤት። እሱም እኩል ከሆነ፣ ከሰንጠረዡ አናት ጀምሮ ወደ ታች እየወረዱ ከየቡድኑ ጋር ያላቸውን ውጤት ማነጻጸር። ጨርሶ ካልተለየ በኔት (የኤንሲኤኤ የቡድኖች ደረጃ ማውጫ)። የነጥብ ብልጫ አይግባበት፤ የተሸነፈ ቡድን ላይ በመጨረሻው ደቂቃ ነጥብ መቆለል ያመጣል።

የሲያትሉ፦ ለምን ለአንደኛው በቀጥታ...

መላሽ፦ ሦስተኛ ጊዜ አልመልስም፤ ስለ አይቪና ቢግ ቴን የጻፍኩትን አንብብ።