ጫጫታ መሃል ታሪክ ማጫወት

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ኮምቦልቻ የምኖር ተማሪ ነኝ። ከጓደኞቼ ጋር ጠረጴዛ ከበን፣ እያንዳንዳችን ገጸ ባሕርይ ይዘን፣ ዳይስ እየጣልን ታሪክ እንጫወታለን። ቤት ውስጥ ሦስት ሰዓት ቢፈጅም ማንም አይሰለችም። ባለፈው ወር ባዛር ላይ ያንኑ ጨዋታ ይዘን ወጣን። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ከአምስቱ ሦስቱ ተነሥተው ሄዱ። ምን አጠፋን ይላሉ?

መልስ፦ አብሽር! የቤት ጨዋታ ገበያ ይዛችሁ ወጥታችሁ ነው። እንደ ጄን ኮን ባሉ የአሜሪካ ትልልቅ የጨዋታ ጉባኤዎች ለአንድ ጨዋታ አራት ሰዓት መመደብ የተለመደ ነው። እዚያ ግን ሰው ትኬት ቆርጦ፣ ሊጫወት አስቦ ይቀመጣል። የኛ ሰው ፌስታሉን እንዳንጠለጠለ ነው የሚያያችሁ።

እኔም ደሴ ላይ መጀመሪያ ስሞክር ስፒከር ሥር አስቀመጡኝ። ሁለት ገጽ መግቢያ ጽፌ ነበር፤ እየጮህኩ አነበብኩት። ፊት ለፊቴ ያለችው ልጅ ጎረቤቷን «ምን አሉ?» ትላለች። በታሪኩ ውስጥ የቤተ መንግሥቱን ቁልፍ የያዘውን ልጅ ደግሞ እናቱ ጠርታው ሄደ። ቁልፉም አብሮት ሄደ። የቀሩት አራቱ በሩ ላይ ቆመው ቀሩ።

ያን ማታ ድምፄ ተዘግቶ ቤት ገብቼ ጨዋታውን እንደ አዲስ ሠራሁት። አሁን ታሪኩ ከደሴ መናኸሪያ ተነሥቶ በሐረጎ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ ሚኒባስ ነው። ተጫዋቾቹ ተሳፋሪዎች ናቸው። መሄድ ያለበት «ወራጅ አለ!» ይላል፣ ይወርዳል። ቆሞ ሲያይ የነበረው በቦታው ይሳፈራል። ወሳኝ ዕቃ በማንም ኪስ አይገባም፤ ሁሉም ፖርቶመጋላ ላይ ነው።

መግቢያ የሚባል ነገር የለም። ችግሩን በካርድ፣ በትልልቅ ፊደል ጻፉትና መሃል ላይ አስቀምጡት፦ «ጉም ወረደ። ሾፌሩ መንገዱ አይታየውም።» ጆሮ የማይሰማውን ዓይን ያነበዋል። አንዱ ካርድ በአሥር ደቂቃ ይለቅ። ገጸ ባሕርይም ተዘጋጅቶ ይቆይ፣ ከግማሽ ወረቀት አይብለጥ። እኔ የምወዳት ይቺን ነው፦ «ዘሃራ፣ የማር ነጋዴ። ሰው ማግባባት ትችላለች። ማሰሮዋ ውስጥ ያለው ማር አይደለም።» ይህን ያነበበ ሰው ሳያስበው ወንበር ይስባል።

ሃያ ገጽ ያለውን ዳይስ ቤት ተዉት። ወድቆ በሰው እግር መሃል ስንፈልገው ስንት ጊዜ ጨዋታው ቀዝቅዟል! ተራውን ባለ ስድስት ገጽ ዳይስ ሰፌድ ላይ ጣሉት፤ 4 እና ከዚያ በላይ ከወጣ ተጫዋቹ የሞከረው ተሳካ። መደመር መቀነስ አያስፈልግም። ከአምስት ሰው በላይም አታስቀምጡ፣ ታሪኩን የሚመራው አጫዋችም ጀርባውን ለግድግዳ ይስጥ።

አንድ ነገር ግን እንዳትረሱ። ከመካከላችሁ ድምፁ ጎላ ያለውን ረዳት አድርጋችሁ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ አቁሙት። ወንበር ባዶ በሆነ ቁጥር «ኮምቦልቻ፣ አንድ ሰው የቀረው!» እያለ ይጥራ።