ጥናቱ አያስፈራሽ፣ የሚያስፈራው ካርድ ክፍል ነው

እህቴ፣ ጥያቄሽን ትናንት ማታ ነው ያየሁት። አባትሽ በሳንባ ምች ጽኑ ህሙማን ክፍል ገብተው፣ መተንፈሻ ማሽን ላይ ቆይተው ወጥተዋል። ሳንባቸው ድሮም ደህና አልነበረም። አሁን ከአልጋ እስከ በር መሄድ አቅቷቸዋል። ተመራማሪዎች ደግሞ ለአንድ ዓመት እንከታተላቸው ብለው የሚፈረም ቅጽ ሰጥተውሻል። ልፈርም ወይስ ይቅር፣ ድካሙስ ሳንባቸው ስላልዳነ ነው ወይ ብለሻል። የእማዬ ነገር ቁርጥ ይሄው ነው። እንጀራ ጋግራ እየሸጠች ነው ያሳደገችን፣ የማድቤቱ ጭስ ሳንባዋን ጨረሰው፣ በላዩ ላይ የሳንባ ምች መጣ። እኔ ሐኪም አይደለሁም፣ ባዮሎጂ ነው የማስተምረው። ግን በዚህ ጉዳይ ያላነበብኩት የለም ማለት ይቻላል።

1. መጀመሪያ የእግራቸው ነገር። ሰው ሁሉ «ሳንባው ነው» ይልሻል፣ አትስሚ። ማለቴ ሳንባው ብቻ አይደለም። ቶሮንቶ ውስጥ ሳንባቸው ክፉኛ ታምሞ ከሞት የተረፉ 109 ሰዎችን ሐኪሞች ዓመት ሙሉ ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ2003 ውጤቱን አሳትመዋል። ሰዎቹ ከጽኑ ህሙማን ክፍል ሲወጡ ከክብደታቸው 18 በመቶው ሄዷል። በ6 ወር የብዙዎቹ ሳንባ ወደ ደህናው ተጠግቷል፤ ዓመት ሲሞላቸው ግን በ6 ደቂቃ የሚራመዱት ርቀት ከጤነኛ እኩያቸው ሁለት ሦስተኛ ገደማ ነበር። ጡንቻቸው አልቆ ነው። የአባትሽ ሳንባ ድሮም የተጎዳ ስለሆነ እንደነሱ ይመለሳል አልልሽም። እግራቸው ግን ሊሻሻል ይችላል፣ ካሠራችሁት።

እኛ ቤት ችግሩ ጠያቂ ነበር። «እግዜር ይማርሽ፣ አርፈሽ ተኚ» የማይላት ሰው የለም። ወንበር ላይ ስናስቀምጣት አክስቴ «ምነው ሰው ገደላችሁ!» ብላ መልሳ ታስተኛታለች። በመጨረሻ አክስቴን ቁጭ አድርጌ ቺካጎና አዮዋ ስለተሠራው ጥናት ነገርኳት (እ.ኤ.አ. 2009 ነው የታተመው)። ገና ማሽን ላይ እያሉ፣ የሚያስተኛው መድኃኒት በየቀኑ እየተቋረጠ እንዲንቀሳቀሱ የተደረጉት ሰዎች 59 በመቶው ራሳቸውን ችለው ከሆስፒታል ወጥተዋል፣ እንደተለመደው ከታከሙት ግን 35 በመቶው ብቻ። አክስቴ ቁጥሩን ሰምታ «ፈረንጅ ያላለው የለም» አለች፣ ማስተኛቱን ግን ተወች። ስለዚህ አልጋው ጫፍ ላይ ማስቀመጥ፣ ከወንበር ማስነሳት፣ ግድግዳ ይዘው እንዲቆሙ ማድረግ። ሲያለከልኩ በአፍንጫ ስበው፣ ፉጨት እንደሚያፏጩ ከንፈራቸውን ሰብሰብ አድርገው ቀስ ብለው ያውጡት። ጎንደር ዳገቷ አይጣል ነው፣ መጀመሪያ ሜዳውን ፈልጊ። ፊዚዮቴራፒ እንዲጽፉላችሁም ጠይቂ፣ ካልጠየቅሽ አይጽፉም።

2. ጥናቱ። ሰፈር ውስጥ «ደሙን ሊሸጡት ነው» የሚልሽ አይጠፋም። እማዬን እንዲህ ያለ የክትትል ጥናት ውስጥ ስናስገባት እኛንም ብለውናል። አንድ ነገር ብቻ ለዪ፦ የሚከታተል ጥናት ነው ወይስ መድኃኒት የሚሞክር? የሚከታተል ከሆነ ቀጠሮ ይሰጣሉ፣ ይለካሉ፣ ይጠይቃሉ፣ አለቀ። መድኃኒት የሚሞክር ከሆነ ማን የትኛውን እንደሚወስድ አብዛኛውን ጊዜ በዕጣ ነው የሚለየው፣ ስለዚህ ረጋ ብለሽ ጉዳቱን ጠይቂ። በሁለቱም ቢሆን የሥነ ምግባር ኮሚቴ ያጸደቀው መሆን አለበት፣ ቅጹ በአማርኛ መሆን አለበት፣ አንድ ቅጂ ለእናንተ ይቀራል። በፈለጉ ሰዓት መውጣት መብታቸው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣው የሄልሲንኪ መግለጫ (የዓለም ሐኪሞች ማኅበር በሰው ላይ ስለሚደረግ ምርምር ያወጣው) ላይ ጀምሮ ያለ ነው። ደግሞ አእምሯቸው ደህና ከሆነ የሚፈርሙት እሳቸው እንጂ አንቺ አይደለሽም! የትራንስፖርት ይከፍሉ እንደሆነም ሳታፍሪ ጠይቂ።

የእርምጃውን ፈተና ብታዪው ይገርምሻል። 30 ሜትር ኮሪደር ላይ ምልክት አለ፣ ነርሷ ሰዓት ይዛ ትቆማለች፣ በ6 ደቂቃ ውስጥ ወዲህ ወዲያ ስትመላለሺ የሄድሽው ርቀት ይለካል። ማረፍ ይቻላል፣ ሰዓቱ ግን አይቆምም። እማዬ ነጠላዋን አስተካክላ ጀመረችና መንገድ ላይ አግዳሚ ላይ የተቀመጠውን በሽተኛ ሁሉ ቆማ «እግዜር ይማርዎ፣ ምንዎን ነው ያመመዎ?» ትላለች። ነርሷ «እማማ፣ ሰዓቱ እየሄደ ነው!» ስትል «ይሂድ፣ ሰላምታ አይከለከል!» መጀመሪያ ያመጣችውን ውጤት አልነግርሽም።

3. አሁን ዋናው። ካርድ ክፍል። የትኛው ሆስፒታል እንደሆነ አልጽፍም። ለቀጠሮዋ ስንሄድ መስኮቱ ውስጥ ያለው ሰውዬ ቀና እንኳ ሳይል «ካርዷ አይገኝም፣ አዲስ አውጡ» አለ። እዚሁ ነው የተኛችው፣ ጽኑ ህሙማን ነበረች፣ እባክህ ደግመህ ፈልግ አልኩት። «አባቴ፣ ሰልፉን አትዝጋ።» አባቴ ይለኛል፣ በዕድሜ የሚበልጠኝ ሰው! ሻዩን ፉት ብሎ የሚቀጥለውን ጠራ። አዲስ ካርድ ወጣ፣ ነጭ፣ ምንም ያልተጻፈበት። ተመላላሽ ክፍል ያለው ወጣት ሐኪም ምን ያድርግ፣ ፊቱ ያለው ባዶ ወረቀት ነው። አስም ብሎ ጻፈ። የከፈልንበትን ራጅና የደም ምርመራ እንደ አዲስ አዘዘ።

ገንዘቡስ ይሁን። ፕሬድኒሶሎን (ስቴሮይድ ከሚባሉት መድኃኒቶች አንዱ) ቀስ በቀስ እየቀነሰች እንድትጨርስ ነበር የታዘዘላት፣ የመቀነሻው ፕሮግራም ያለው አሮጌው ካርድ ላይ ነው። ያ መድኃኒት ለረጅም ጊዜ ከተወሰደ በኋላ በአንዴ ሲቋረጥ ሰውነት የራሱን ተመሳሳይ ሆርሞን ቶሎ ማምረት ያቅተዋል። እንክብሉ አለቀ፣ ማንም አልቀጠለላትም። ማስመለስ ጀመራት፣ ዓይኗ ዞረባት፣ ግፊቷ ወረደና እንደገና ተኛች። ያን ጊዜ ያዳነን ማን መሰለሽ? ሰፈሩ የፈራው ጥናት። መረጃ የምትሰበስበው ነርስ ለቀጠሮ ደውላ ስነግራት፣ መጀመሪያ ስትወጣ የተጻፈውን ሁሉ እነሱ ቅጽ ላይ ገልብጠውት ኖሯል፣ ይዛው መጣች። ስንት ቀን ማሽን ላይ እንደነበረች፣ የትኛውን መድኃኒት እስከ መቼ እንደምትወስድ፣ አንድም አልጎደለም።

ስለዚህ ዛሬውኑ፣ ነገ ሳትይ፣ ያለሽን ወረቀት በሙሉ ፊትና ጀርባውን በስልክ ፎቶ አንሺ። የካርድ ቁጥሩን ጻፊ። ማህተም ያለው የመውጫ ማጠቃለያ ካልሰጡሽ ከክፍሉ ኃላፊ ጠይቂ፤ «ሰኞ ነይ» ቢሉሽ ሰኞ ሂጂ። ስቴሮይድ ካለ ደግሞ እስከ መቼ እንደሆነና እንዴት እንደሚቀነስ ያስረዱሽ።

4 ላይ ነበርኩ መሰለኝ። ማታ ማታ ይቃዣሉ ብለሻል። እማዬ ነርሶቹ ሊሸጧት ሲደራደሩ ሰማሁ ትል ነበር። ጎረቤት መንፈስ ነው አለ። ጠበል አትሂዱ አልልም፣ መድኃኒቱ ግን እንዳይቋረጥ። ጽኑ ህሙማን ክፍል የተኙ 821 ሰዎችን የተከታተለ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት ላይ 74 በመቶው ሆስፒታል እያሉ እንዲህ አእምሯቸው ተምታቶ ነበር። ከ3 ወር በኋላም 40 በመቶ የሚሆኑት የማሰብ ፈተናው ላይ ያመጡት ውጤት ጭንቅላቱን መካከለኛ ጉዳት ከደረሰበት ሰው ጋር የሚመሳሰል ነበር። አባትሽ ነገር ቢረሱ አትቆጪያቸው፣ የሆነውን በቀን በቀኑ ተርኪላቸው። አንቺም እንቅልፍ ካጣሽ ለሐኪሙ ንገሪ፣ አስታማሚንም የሚይዝ ነገር ነው።

ምግብ ላይ እማዬ በጾም ወተት አልነካም ብላ አስቸግራን የንስሐ አባቷን ቤት ድረስ አመጣናቸው። «ለበሽተኛ ጾም የለም» ሲሏት በላች። የመተንፈሻ ማሽኑ ቱቦ ጉሮሮ ስለሚጎዳ መጀመሪያ ላይ የሚለሰልስ ነገር ስጧቸው፣ ሲውጡ ካሳላቸው ግን ለሐኪም ተናገሪ።

ኦክስጅን ካዘዙ ቁልፉን ጠያቂ እንዳይነካው። አክስቴ (ያቺው) «ይበርታላት» ብላ ጨምራው እማዬ ጠዋት ራሷን አሟት፣ ስትናገር ተኮላተፈች። ሳንባው በጭስ ወይም በሲጋራ በተጎዳ ብዙ ሰው ላይ ኦክስጅን ሲሰጥ ጣት ላይ በሚደረገው መለኪያ የሚፈለገው የደም ኦክስጅን ከ88 እስከ 92 በመቶ ነው፤ ከዚያ ሲበዛ የተቃጠለው አየር ደም ውስጥ ይጠራቀማል። ጎንደር ደግሞ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ስለሆነች ቁጥሩ ለጤነኛውም ትንሽ ዝቅ ይላል፣ ኢንተርኔት ላይ ያየሽው ቁጥር አያስደንግጥሽ። የአባትሽ ስንት መሆን እንዳለበት ሐኪሙ በቁጥር ይጻፍልሽ። ከሰል፣ ዕጣን፣ ሻማ ከዚያ ክፍል ይውጣ፤ ቡናውን በረንዳ ላይ አፍሉ። የኦክስጅን ማሽን ከተከራያችሁ መብራት ሲጠፋ የምትጠቀሙበት ሲሊንደር ከጎኑ ይኑር፣ መቼም መብራታችንን ታውቂዋለሽ።

እማዬ አሁን ኦክስጅኑን ሐኪሟ ካስተዋት ቆይታለች። ለሥላሴ ንግሥ እዚሁ ጎንደር ያለው ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ድረስ እያረፈች በእግሯ ሄዳለች፣ አክስቴ ናት ያለከለከችው። ጣት ላይ የሚደረገው መለኪያዋ ቤት ቁጭ ብሏል። ካልገዛሽ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፣ እሁድ ወደ አዘዞ ስለምወርድ አደርስልሻለሁ። ባትሪውን ግን አንቺ ግዢ።