ባርቤዶስን በአውቶቡስ

ጥያቄ፦ እኔና ባለቤቴ ባርቤዶስን ለመጎብኘት አስበናል፤ ገንዘባችን ውስን ስለሆነ መኪና ሳንከራይ መዘዋወር እንችል ይሆን?

መልስ፦ በሚገባ ትችላላችሁ። የመንግሥቱ ሰማያዊ አውቶቡሶች፣ ቢጫዎቹ ሚኒባሶችና ወይን ጠጅ መስመር ያላቸው ነጫጭ ቫኖች ርቀቱ ምንም ያህል ቢሆን በሰው 3.50 የባርቤዶስ ዶላር ያስከፍላሉ፤ ምንዛሪው በአሜሪካ ዶላር ሁለት ለአንድ ስለሆነ ለሁለታችሁ በአንድ ጉዞ 3.50 የአሜሪካ ዶላር ይበቃል። በመንግሥቱ አውቶቡስ መልስ ስለማይሰጥ ግን ዝርዝር ይዛችሁ ግቡ። ቫኖቹ ሙዚቃቸው ጆሮ ቢያደነቁርም፣ ረዳቱም ተሳፋሪውን አጠጋግቶ ቢጭንም፣ በደቡቡ ዳርቻ ቶሎ ቶሎ ስለሚመላለሱ ዓርብ ማታ ኦይስቲንስ ወርዳችሁ ዓሣ ጥብስ ለመብላት ከእነሱ የተሻለ የለም። በምሥራቅ ወዳለችው ባትሼባ ስትሄዱ የመመለሻውን አውቶቡስ ሰዓት አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ የባሕሩ ሞገድ ኃይለኛ ስለሆነም እዚያ አትዋኙ።