ከልጅ ልጆቼ ጋር ላንጋኖ ልሂድ ወይስ አርፌ ልቀመጥ?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ዕድሜዬ 67 ነው። ሦስት የልጅ ልጆች አሉኝ፤ ትልቁ አራተኛ ክፍል ነው፣ ትንሿ ገና ሁለት ዓመቷ ነው። ወላጆቻቸው ሥራ ስለሚውሉ ትልልቆቹን ጠዋት ትምህርት ቤት የማደርሰውና ከሰዓት የምቀበለው እኔ ነኝ። ትንሿን እያዘልኩ እውላለሁ፣ ስትተኛልኝ ፈትሌን እፈትላለሁ። የደም ግፊት ስላለብኝ ኢናላፕሪልና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የሚባለውን የሽንት ኪኒን ከጀመርኩ ቆይቻለሁ። ባለቤቴም ስኳር ስላለባቸው ግሊቤንክላሚድ ይወስዳሉ። እኔን ያስቸገረኝ ጉልበቴ ነው። ጎረቤቴ ነግራኝ ዲክሎፌናክ የሚባል ማስታገሻ ከፋርማሲ እየገዛሁ ጠዋትና ማታ እውጣለሁ፤ አሁን ወራት ሆነኝ። ሰሞኑን ደግሞ ግፊቴ አልወርድ አለ። ልጆቼ «ከልጆቹ ጋር መሯሯጡ ነው፤ አርፈሽ ተቀመጪ» ይሉኛል። ለበዓል ቤተሰቡ በሙሉ ላንጋኖ ሊሄድ ነው፣ እኔም መሄድ እፈልጋለሁ። የሽንቱ ኪኒን መንገድ ላይ ስለሚያስቸግረኝ ግን ወጣ በምልበት ቀን እተወዋለሁ። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ እናቴ፣ ላንጋኖ ይሂዱ። ልጆቹን ትምህርት ቤት ማድረሱንም አይተዉ። መተው ያለብዎት ዲክሎፌናኩን ነው፤ እሱንም ዛሬውኑ።

ልጆችዎ «አርፈሽ ተቀመጪ» ማለታቸው አስበውልዎት ነው፤ አልፈርድባቸውም። ነገር ግን ከልጅ ጋር ትምህርት ቤት ደርሶ መመለስ ግፊትን አያባብስም፤ በየቀኑ የሚራመድ ሰው ግፊቱ እያደር ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም። ዲክሎፌናክ ግን ጨውና ውሃ በሰውነት እንዲጠራቀም ያደርጋል፣ የኢናላፕሪሉንም ሥራ ያዳክማል። ግፊቱ ተስተካክሎ ቆይቶ በድንገት ያሻቀበበት ሰው ሲመጣ እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው ለሕመም የሚወስደው ነገር እንዳለ ነው። ብዙዎቹ «ኧረ የለም» ይላሉ። ትንሽ ቆይቶ፣ ልንሰነባበት ስንል፣ «ያቺን የወገብ ማስታገሻ ማለትዎ ነው እንዴ?» ይመጣል። ማስታገሻም መድኃኒት ነው።

ከግፊቱ ይልቅ እኔን ያሳሰበኝ ኩላሊትዎ ነው። ኩላሊት ደሙን የሚያጣራው በበቂ ግፊት ሲደርሰው ነው። ዲክሎፌናክ ደም ወደ ማጣሪያው የሚያስገባውን ቀጭን የደም ሥር ያጠበዋል። ኢናላፕሪል ከማጣሪያው የሚያስወጣውን ያሰፋዋል። ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ደግሞ በሽንት በኩል የሰውነትን ውሃ ይቀንሳል። ኢናላፕሪሉና የሽንቱ ኪኒን አብረው የታዘዙልዎት በአግባቡ ነው፤ ጥሩ ጥምረት ናቸው። ሦስተኛው ሲጨመር ግን ማጣሪያው የሚያጣራበት ጉልበት ያጣል፤ በተለይ ሰውየው ውሃ ሳይጠጣ ሲውል፣ ተቅማጥ ሲይዘው ወይም ሙቀት አገር ሲሄድ። ላንጋኖ ደግሞ ሙቀት ነው። ችግሩ ሲጀምር አያምም፤ ብዙ ጊዜ የሚታወቀው በደም ምርመራ ብቻ ነው። ስለዚህ ከጉዞው በፊት ወደሚከታተልዎት ሐኪም ሄደው ክሪያቲኒን (የኩላሊትን ሥራ የሚያሳይ የደም ምርመራ)፣ ፖታሺየምና የሽንት ምርመራ ያሠሩ። ግፊትዎንም ቁጭ ብለው አምስት ደቂቃ ካረፉ በኋላ፣ ከዚያም ቆመው ይለኩ። ቆመው ሲለኩ የላይኛው ቁጥር በ20 ወይም ከዚያ በላይ ከወረደ ሐኪሙ የመድኃኒቱን መጠን ሊያስተካክልልዎ ይችላል።

የጨጓራ ነገርም አለ። ከ65 ዓመት በላይ በሆነ ሰው ዲክሎፌናክ ጨጓራን አቁስሎ ሊያደማ ይችላል፤ አንዳንዴ ምንም ሕመም ሳይኖር። ሰገራዎ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ወይም ድካምና የዓይን መጨለም ከመጣብዎት ቀጠሮ አይጠብቁ፣ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። «ኪኒኑ ጨጓራዬን ከነካኝ መርፌውን ልወጋ» የሚሉም አሉ፤ በመርፌ ሲሰጥም ያው ዲክሎፌናክ ነው፣ ኩላሊትንም ጨጓራንም ይነካል። አይቡፕሮፌንና ኢንዶሜታሲንም የዚሁ ቤተሰብ ናቸው፤ ስሙ ተለወጠ ብለው እንዳይወስዱ።

ታዲያ ሕመሙን በምን ላስታግሰው ይሉኝ ይሆናል። እንዳጻጻፍዎ ከሆነ የመገጣጠሚያ አጥንት መሸርሸር ይመስለኛል፤ እርግጠኛ የሚኮነው ግን ጉልበቱ ታይቶ ነው። የሚቀባው የዲክሎፌናክ ጄል ወደ ደም የሚገባው በጣም ጥቂት ስለሆነ ከኪኒኑ እጅግ ይሻላል፤ የኩላሊት ምርመራው ውጤት ሲታወቅ ሐኪምዎን ጠይቀው ይጀምሩት። ከቀቡ በኋላ ትንሿን ከመንካትዎ በፊት እጅዎን ይታጠቡ። በሚብስብዎት ቀን ባለ 500 ሚሊ ግራም ፓራሲታሞል አንድ ወይም ሁለት ፍሬ መውሰድ ይችላሉ፤ በቀን ከስድስት ፍሬ አይለፉ። ጉልበቱ ድንገት አብጦ ከጋለና ከቀላ፣ ትኩሳትም ካለ፣ ይህ ሌላ በሽታ ነውና በዚያው ቀን ይታዩ። ወጌሻ ጋ ሄደው እንዳያሳሹት ደግሞ አደራ።

ዋናው መድኃኒት የጭንዎ ጡንቻ ነው። ከፍ ባለ ወንበር ላይ ይቀመጡ፣ አንዱን እግር ቀጥ አድርገው ይዘርጉ፣ እስከ አምስት ይቁጠሩ፣ ቀስ አድርገው ያውርዱ። በእያንዳንዱ እግር አሥር ጊዜ፣ ጠዋትና ማታ። ከለመዱት በኋላ እጅዎን ሳይደገፉ ከወንበር መነሣትና መቀመጥን ይጨምሩበት። የልጅ ልጅዎን ቆጣሪ ያድርጉት፤ እንደ አራተኛ ክፍል ልጅ ሳያጭበረብር የሚቆጥር የለም። ውጤቱ በሳምንት አይታይም፣ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ይታገሡ። ክብደትም ካለዎት አንድ ኪሎ መቀነስ በእያንዳንዱ እርምጃ ከጉልበት ላይ አራት ኪሎ ያህል ጫና ያነሣል።

ስለ ፈትልዎ አልጠየቁኝም፣ እኔ ግን ልጠይቅዎ፦ ምን ላይ ተቀምጠው ነው የሚፈትሉት? በርጩማ ላይ ከሆነ ጉልበትዎ ሙሉ በሙሉ ታጥፎ ለሰዓታት ይቆያል፤ ሲነሡም ክብደትዎ በሙሉ እሱ ላይ ያርፋል። እንዝርቱንና ባዘቶውን ይዘው መደገፊያ ያለው ወንበር ላይ ይውጡ፤ ቡና ሲያፈሉም እንደዚያው፣ ረከቦቱን ከፍ ያለ ነገር ላይ አድርገው። ባህሉ ይጎድላል የሚል ዘመድ ካለ ተነሥቶ እሱ ያፍላ።

የሁለት ዓመት ልጅ 12 ኪሎ ገደማ ትመዝናለች። ጎንበስ ብለው ከመሬት አያንሷት። አልጋ ጠርዝ ላይ ቁጭ ይበሉ፣ ከኋላዎ ወጥታ ጀርባዎን ትቀፍ፣ አንቀልባውን ተቀምጠው ይሰሩ፣ ከዚያ አንድ ነገር ተደግፈው ይነሡ። አዝለው ደረጃ አይውጡ፣ አይውረዱም። ያለ እሷ ደረጃ ሲወጡ ደህነኛውን እግር ያስቀድሙ፣ ሲወርዱ የሚያመውን። ምርኩዝ ከያዙ ከሚያመው ጉልበት በተቃራኒው እጅ ይሁን፤ አብዛኛው ሰው በሚያመው በኩል ነው የሚይዘው።

አሁን ወደ ጉዞው። የሽንቱን ኪኒን መዝለሉ ልማድ ሲሆን ግፊቱ ከፍና ዝቅ ይላል፤ ሳልዘለው ግን ሰዓቱን ላሸጋሽገው ቢሉ ችግር የለውም። ጠዋት ከመነሣትዎ በፊት ከመውሰድ ይልቅ ላንጋኖ እንደደረሱ፣ ቀኑ ሳይመሽ ይውሰዱት። ኢናላፕሪሉን በተለመደው ሰዓት። ሽንት እንዳይመጣብኝ ብለው ውሃ አለመጠጣት ግን አይቻልም። መንገዱ ከአዲስ አበባ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሞጆና መቂ ላይ መኪናው ይቁምልዎ፣ ወርደው ይጸዳዱ፣ ትንሽ ይራመዱ። ለእግርዎ እብጠትም ለጉልበትዎ መድረቅም ይበጃል፤ ሹፌሩ ቢያጉረመርም ያጉረምርም። ከመኪና ሲወርዱ ወዲያው አይራመዱ፣ በሩን ይዘው ትንሽ ይቁሙ።

ሐይቁ ዳር አሸዋ ላይ ብዙ መራመድ ጉልበት ያደክማል። ውሃው ውስጥ መራመድ ግን ግሩም ነው፦ ውሃው ወገብ ድረስ ሲደርስ ጉልበት ከሰውነት ክብደት የሚሸከመው ግማሹን ያህል ብቻ ነው። አንድ አዋቂ እጅዎን ይያዝዎት እንጂ ይግቡ። ሆድዎን አሞት ካስመለሰዎት ወይም ተቅማጥ ከያዘዎትና ፈሳሽ መውሰድ ካቃተዎት ሁለቱን የግፊት መድኃኒቶች ለጊዜው ስለማቆም ለሐኪምዎ ይደውሉ፤ የሐኪምዎን ስልክ ቁጥር ሳይዙ አይነሡ።

ሁለት ነገር ስለ ልጆቹ። መድኃኒታችሁን በምን ይዛችሁ ነው የምትጓዙት? በመሐረብ ተቋጥሮ ቦርሳ ውስጥ፣ ወይም ትራስ ሥር ከሆነ፣ ትንሿ ታገኘዋለች። የባለቤትዎ ግሊቤንክላሚድ አንዲት ፍሬ ለሁለት ዓመት ልጅ አደገኛ ናት፤ ስኳሯን የምታወርደው ከሰዓታት በኋላም ሊሆን ይችላል። ዋጠች ብለው ከጠረጠሩ «ደህና ናት፣ እየተጫወተች ነው» ብለው አይጠብቁ፤ ኪኒኑን ከነማሸጊያው ይዘው ወዲያው ወደ ሐኪም ቤት። በእንግዳ ማረፊያ ክፍል ቁልፍ ያለው መሳቢያ ላይገኝ ስለሚችል ዚፕ ያለው ቦርሳ ይዘጋጅና ከፍ ያለ ቦታ ይሰቀል።

ሌላው ወባ ነው። ላንጋኖ ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ የወባ ትንኝ አገር ነው፤ አዲስ አበባ ለምዶ ለመጣ ልጅ ደግሞ ወባ ይከብደዋል። ማታ አጎበር ሥር ይተኙ፣ ሲመሽ እጅጌው ረዥም ልብስ ይልበሱ። ከተመለሳችሁ በኋላ፣ ከሳምንትም ሆነ ከወራት በኋላ፣ እርስዎን ወይም ከልጆቹ አንዱን ትኩሳት ከያዘ ጉንፋን ነው ብላችሁ አትተዉት፤ በመጀመሪያው ቀን ጤና ተቋም ሄዳችሁ «ላንጋኖ አድረን ነበር» ብላችሁ ንገሯቸው፣ የወባ የደም ምርመራ እንዲደረግ።