በጠና የታመመች ጥንቸል በቤት ውስጥ ስለ ማስታመም፦ ጥያቄና መልስ

በደሴ ዙሪያ ለረጅም ዓመታት በእንስሳት ጤና ረዳትነት ያገለገልሁ ሲሆን፣ ጥንቸልም በግቢዬ አረባለሁ። በግና ላም ሲታመም ወዴት እንደሚወሰድ ሁሉም ሰው ያውቃል፤ ጥንቸል ስትታመም ግን አብዛኛው ሰው ግራ ስለሚገባው፣ የደረሱኝን ጥያቄዎች እንደ አመጣጣቸው እመልሳለሁ። አስቀድሜ የማሳስበው የምናገረው ስለ ማስታመም ብቻ መሆኑን ነው፤ በሽታውን መለየትና መድኃኒት ማዘዝ የእንስሳት ሐኪም ድርሻ ነው።

ጥያቄ (ከደሴ)፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ጥንቸላችን ከትናንት ማታ ጀምሮ ምንም አልቀመሰችም። ጥግ ይዛ ኩርምት ብላለች፣ ጥርሷን ታፋጫለች፣ በጠጥም አልጣለችም። እስከ ነገ ጠብቀን ብናያት ይሻላል?

መልስ፦ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ እህቴ። መጠበቁ አይሻልም። ጥንቸል ምግብ ሳትቀምስ 12 ሰዓት ከሞላት እንደ አስቸኳይ ሕመም መቆጠር አለባት። የበላችው ሣር በአብዛኛው የሚብላላው በዕውር አንጀቷ (በትንሹና በትልቁ አንጀት መገናኛ ባለው ትልቅ ከረጢት) ውስጥ በሚኖሩ ረቂቅ ተሕዋስያን ሲሆን፣ አንጀቷን በእንቅስቃሴ የሚያቆየውም ያለማቋረጥ የሚገባው አሰር የበዛበት ምግብ ነው። ምግቡ ሲቋረጥ አንጀቱ ይደነዝዛል፣ በውስጡ ያለው ይደርቃል፣ ጋዝ ይጠራቀማል፤ ጋዙ የሚያመጣው ሕመም ደግሞ የቀረ የምግብ ፍላጎቷን ያጠፋዋል። ጥንቸል ማስመለስ ስለማትችል ነገሩ በዚያ በኩል አይቃለልም።

አሁኑኑ ሁለት ነገሮችን ይመልከቱ። የመጀመሪያው የሰውነቷ ሙቀት ነው። ቴርሞሜትሩን ቫዝሊን ቀብተው በፊንጢጣዋ ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል በቀስታ ያስገቡ፤ ጤነኛ ጥንቸል ከ38.5 እስከ 39.5 ዲግሪ ገደማ ይኖራታል። ከ38 በታች ከሆነ፣ በደሴ ብርድ ይህ በብዛት የሚያጋጥም ነው፣ ከምግብ በፊት ማሞቅ ይቀድማል፤ በሃይላንድ ጠርሙስ ለብ ያለ ውኃ ሞልተው በፎጣ ጠቅልለው ከጎኗ ያድርጉላት፣ ከሞቃት ራሷ መሸሽ የምትችልበት ቦታም ይተዉላት። ምድጃ ወይም ከሰል አጠገብ አታስቀምጧት፤ ጭሱ ሳንባዋን ይጎዳል። ሁለተኛው ሆዷ ነው። ለስለስ ያለ ወይም እንደ ሊጥ የሚገባ ከሆነ ምግብና ውኃ በትዕግሥት መስጠት ይቻላል። ሆዷ በድንገት ተነፍቶ እንደ ከበሮ ከተወጠረ ግን አንጀቷ ተዘግቶ ሊሆን ስለሚችል፣ በአፍ ምንም ሳይሰጧት በቀጥታ ወደ ሐኪም ይውሰዷት።

ጥርስ ማፋጨቷ የሕመም ምልክት ነው። ሕመሙ ካልታገሠላት ስለማትበላ፣ ሐኪሙን ስለ ማስታገሻ መጠየቅ አይርሱ። ለሰው የተገዛ አይቡፕሮፌን ግን እንዳይሰጣት።

ጥያቄ (ከደሴ፣ ያንኑ ተከትሎ)፦ ሙቀቷ 38.4 ነው፣ ሆዷም ለስላሳ ነው። ምን እናብላት? እንዴትስ?

መልስ፦ የተዘጋጀ የጥንቸል መኖ ካላችሁ በለብታ ውኃ አሟሙታችሁ ፈሳሽ እስኪሆን አማስሉት። ከሌላችሁ በጥላ የደረቀ ንጹሕ ሰርዶ ወይም አልፋልፋ ወቅጣችሁ በወንፊት ንፉና በውኃ በጥብጡት። በአንድ ጊዜ የሚሰጣት ለአንድ ኪሎ ክብደቷ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ሊትር ነው፤ ሁለት ኪሎ የምትመዝን ከሆነች ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። ይህን በየአራት ወይም በየስድስት ሰዓቱ፣ ሌሊቱን ጨምሮ፣ ትሰጧታላችሁ። የአንድ ቤት ሰዎች ተራ ካልገቡበት ለአንድ ሰው ይከብዳል።

አሰጣጡ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ጥንቸሏን በፎጣ ጠቅልላችሁ በአራት እግሯ እንደተቀመጠች ያዟት፤ በጀርባዋ አታጋድሟት። ባለ አምስት ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ መርፌውን አውልቃችሁ፣ በፊት ጥርሷና በመንጋጋዋ መካከል ጥርስ የሌለበት ቦታ ስላለ፣ በዚያ በኩል ከጎን አስገቡት። ግማሽ ወይም አንድ ሚሊ ሊትር ብቻ ሰጥታችሁ አላምጣ እስክትውጥ ጠብቁ። ጥንቸል የምትተነፍሰው በአፍንጫዋ ስለሆነ፣ ምግቡ ወደ ሳንባ ከገባባት ከመጀመሪያው በሽታ ይልቅ እሱ ይገድላታል። ብትታገል፣ ብትስል ወይም በአፍንጫዋ ቢወጣ ወዲያው አቁሙና አሳርፏት።

ውኃን በተመለከተ ጥንቸል በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደቷ 100 ሚሊ ሊትር ገደማ ያስፈልጋታል፤ በምግቡ ውስጥ ያለው ይታሰባል። በትክክለኛው መጠን የተበጠበጠ ለምለም (ተቅማጥ ለያዘው ሰው የሚሰጠው ዱቄት) መጠቀም ይቻላል፤ ስኳር ብቻውን በጥብጦ መስጠት ግን አያስፈልግም። በአጠገቧ ድርቆሽ፣ የካሮት ቅጠል፣ ድምብላልና በሶብላ ሁልጊዜ ይኑር፤ የመጀመሪያውን ቅጠል በራሷ ፈቃድ ስትነክስ ታያላችሁና በዚያ ጊዜም ሲሪንጁን በአንዴ ሳይሆን ቀስ በቀስ ቀንሱ። መሻሻሏን የሚመሰክረው በጠጧ ነው፤ መጀመሪያ ትንንሽና ደረቅ፣ በኋላ እየተለቀ ይመጣል። ቆጥራችሁ ጻፉት፣ ለሐኪሙም ይጠቅማል።

እግረ መንገዴን የምጠቅሰው አንድ ነገር አለ። ጥንቸል ከጠንካራው በጠጥ ሌላ፣ እንደ ወይን ዘለላ የተያያዘ ለስላሳ ኩስ ከፊንጢጣዋ በቀጥታ ትበላለች። ብዙዎች ይህን እንደ በሽታ ቆጥረው ይከለክሏታል፤ ነገር ግን ቪታሚንና ፕሮቲን የምታገኝበት ሁለተኛ መብላቷ ነውና ተዉላት። ኦሪት ዘሌዋውያን ከሚያመሰኩት ጋር የቆጠራት አፏ ሳያርፍ ስትንቀሳቀስ በማየት ሳይሆን አይቀርም፤ እንደ በግ ያለ ጨጓራ ግን የላትም።

ጥያቄ (ከኩታበር)፦ አጥሚት ወይም ወተት ብንሰጣትስ? ለሰው በሽተኛ ጥሩ ነው።

መልስ፦ አይሆንም። የአጥሚቱ ስታርችና የወተቱ ስኳር በዕውር አንጀቷ ፈልቶ ጎጂ ባክቴሪያዎችን ያራባል። እንጀራና ዳቦም እንዲሁ ናቸው።

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ)፦ አሰላሙ ዓለይኩም ጋሼ። አፍንጫዋ ነጭ ፈሳሽ ያወጣል፣ ታነጥሳለች፣ የፊት እግሯ ጸጉርም ተጣብቋል። ከልጆቹ የተረፈ አሞክሳሲሊን ሽሮፕ ቤት ውስጥ አለ። ስንት ጠብታ ልስጣት?

መልስ፦ ወዓለይኩሙ ሰላም ወንድሜ። አንድም ጠብታ እንዳትሰጣት። አሞክሳሲሊን፣ አምፒሲሊን፣ ክሊንዳማይሲንና ሊንኮማይሲን በአፍ ሲሰጡ በዕውር አንጀቷ ያሉትን ጠቃሚ ተሕዋስያን ይፈጁና መርዝ የሚያመነጩ ባክቴሪያዎች ቦታውን ይይዙታል፤ ጥንቸሏ በጥቂት ቀናት ውስጥ በተቅማጥ ትሞታለች፣ ባለቤቱም አፍንጫዋ የገደላት ይመስለዋል። በመንደር በየቤቱ ተርፎ ከሚቀመጠው መድኃኒት ይህን ያህል ጥንቸል የሚገድል አላውቅም።

የገለጽከው ሁኔታ ፓስቱሬላ በሚባለው ባክቴሪያ የሚመጣውን ጉንፋን ይመስላል። ፈሳሹን በፊት እግሯ ስለምትጠርገው ጸጉሩ ይጣበቃል። ለጥንቸል የሚስማሙ መድኃኒቶች አሉ፤ ኢንሮፍሎክሳሲን እንዲሁም ሰልፋ ከትራይሜቶፕሪም ጋር የተቀላቀለው ይጠቀሳሉ፤ መጠኑንና የቀኑን ብዛት ግን ሐኪሙ በክብደቷ ይወስናል። ለከብት የሚወጋው ፔኒሲሊን ያለበት መርፌም በሐኪም ውሳኔ ካልሆነ በስተቀር አይነካ። ያንተ ሥራ አፍንጫዋን በለብታ ውኃ በተነከረ ጨርቅ በቀን ደጋግሞ ማጽዳትና ጉዝጓዙን ደረቅ አድርጎ መለወጥ ነው። የሽንቷ አሞኒያ የአየር ቧንቧዋን ስለሚያቃጥል፣ ቤቷ ውስጥ ዝቅ ብለህ ስታሸት አንተን የሚቆጠቁጥህ ከሆነ እሷን ምን ያህል እንደሚጎዳት አስብ። አፏን ከፍታ መተንፈስ ከጀመረች የዚያኑ ዕለት ወደ ሕክምና አድርሳት።

ጥያቄ (ከባቲ)፦ በቀትር ተዘርራ አገኘኋት፤ ጆሮዋ ይፋጃል፣ ቶሎ ቶሎ ትተነፍሳለች።

መልስ፦ ጥንቸል በላብ አትቀዘቅዝም፤ ሙቀቷን የምታስወጣው በአብዛኛው በጆሮዋ ነው። ወደ ጥላ ወስደው ጆሮዋን በቀዝቃዛ፣ በረዶ ባልሆነ ውኃ ያርጥቡላት፣ አየር እንዲነፍስባትም ያድርጉ። ሙሉ ሰውነቷን ውኃ ውስጥ መንከር ድንጋጤ ያስከትላልና አይሞከር። ሙቀቷ ከ40.5 በላይ ከሆነ ሐኪም ያስፈልጋታል። በባቲና በኮምቦልቻ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የተሠራ የጥንቸል ቤት በበጋ እንደ ምድጃ ስለሚሆን ሣር ይደረብበት።

ጥያቄ (ከሐይቅ)፦ አንገቷ ወደ ግራ ተጣሞ ትሽከረከራለች። ጎረቤት «ዓይነ ጥላ ነው» አለኝ።

መልስ፦ በብዛት ከሁለት ምክንያቶች በአንዱ ይመጣል፤ አንዱ የውስጠኛው ጆሮ ኢንፌክሽን ሲሆን፣ ሌላው አንጎልንና ኩላሊትን የሚያጠቃው ኢንሴፋሊቶዙን ኩኒኩሊ የተባለው ጥገኛ ነው። ለሁለተኛው ፌንቤንዳዞል ለ28 ቀናት ይታዘዛል። መድኃኒቱ ሥራውን እስኪሠራ ድረስ ማስታመሙ ረጅም ነው። ጎንና ጎኗን በተጠቀለለ ፎጣ ደግፉላት፣ ውኃና ሣር ከአፏ አጠገብ ይሁን፣ ወደ መሬት የዞረው ዓይኗ ስለሚቧጠጥና ስለሚደርቅ በንጹሕ የጨው ውኃ ይታጠብ፣ ሥፍራዋም ጸጥ ያለ ይሁን። መሽከርከሯ የሚያስፈራ ቢሆንም የምትበላ ጥንቸል ተስፋ አላት። አንዳንዶቹ አንገታቸው ትንሽ ዘመም እንዳለ ለዓመታት በደህና ይኖራሉ፤ በመጀመሪያው ሳምንት ተስፋ ቆርጦ መጣል አይገባም።

ጥያቄ (ከወልድያ)፦ ጆሮዋ ውስጥ ወፍራም ቅርፊት ሞልቷል። ለበሬዬ የገዛሁት አይቨርሜክቲን ተርፎኛል።

መልስ፦ የጆሮ እከክ ነው፤ መድኃኒቱም ተስማሚ ነው፤ አደጋው መጠኑ ላይ ነው። ባለ 1 ፐርሰንቱ አይቨርሜክቲን ለከብት የሚሰጠው ለ50 ኪሎ 1 ሚሊ ሊትር ነው። በዚሁ ስሌት ሁለት ኪሎ የምትመዝን ጥንቸል 0.04 ሚሊ ሊትር ይደርሳታል፤ ይህ በከብት ሲሪንጅ የማይለካ መጠን ነው። ስለዚህ ይዘሃት ሂድና ባለሙያው በኢንሱሊን ሲሪንጅ ለክቶ ከቆዳዋ ሥር ይውጋት፤ ከ10 እስከ 14 ቀናት ባለው ጊዜም ይደገማል። ቅርፊቱን አትላጠው፣ ሥሩ ቁስል ስለሆነ እጅግ ያማታል፤ ተባዩ ሲሞት በራሱ ይረግፋል። ለውሻ ከሚረጩት የቁንጫ መድኃኒቶች መካከል ፊፕሮኒል ያለበት ጥንቸልን ስለሚመርዝ እንዳትነካው።

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ)፦ የጫት ገረባ ፍየል ይበላዋል፤ ለታመመች ጥንቸልስ?

መልስ፦ አይሰጥ። ጫት የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፤ እኛ ደግሞ ቀኑን ሙሉ የምንለፋው እንድትበላ ነው።

ጥያቄ (ከደሴ)፦ ክሊኒክ ይዣት ስሄድ «ለጥንቸል ብለሽ ነው እዚህ ድረስ የመጣሽው?» ብለው ሳቁብኝ። ወዴት ልሂድ?

መልስ፦ አዝናለሁ እህቴ። ብዙዎቹ ባለሙያዎች የሚያክሙት ከብት፣ በግና የጋማ ከብት ስለሆነ ጥንቸል ይዞ የሚመጣ ሰው ያስገርማቸዋል፤ መሳቁ ግን ተገቢ አይደለም። ደሴ ውስጥ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት አለ፤ ኮምቦልቻም የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ ስላለ፣ የኩስ ምርመራ ካስፈለገ ሐኪሙ ናሙናውን ወዴት እንደሚልክ ጠይቂው። ስትሄጂ ክብደቷን፣ የበላችበትን ሰዓት፣ የሰውነት ሙቀቷንና የበጠጧን ብዛት ጽፈሽ ያዢ። እንዲህ ያለ ወረቀት የያዘ ሰው ላይ የሚስቅ ባለሙያ እምብዛም አላየሁም። ለቀዶ ሕክምና «ሌሊቱን ጾማ ትደር» ቢሉሽ ግን ጥንቸል እንደማትጾም በትሕትና አስታውሻቸው።

ጥያቄ (ከመርሳ)፦ ልጄ ከእጁ ጣላት። የኋላ እግሮቿን ትጎትታለች፤ ሽንቷም ይፈሳታል። ጎረቤቶቼ እንግደላት ይላሉ።

መልስ፦ የጥንቸል የኋላ እግር ጡንቻ ከአጥንቷ ጋር ሲመዛዘን እጅግ ብርቱ ነው፤ በድንገት ስትፈራገጥ የራሷን ወገብ ልትሰብር ትችላለች። ልጁን አትቆጡት፤ ትልቅ ሰው እጅም ላይ የሚደርስ ነው። ወገቧ ተሰብሮ ይሁን ተቀጥቅጦ የሚለየው በሐኪም ምርመራ ነው፤ ዕብጠት ብቻ ከሆነ በጠባብ ቦታ አርፋ በሕመም ማስታገሻ የምትሻለው አለች።

እስከዚያው ከሥሯ ወፍራም ደረቅ ጨርቅ አንጥፉና እርጥብ ሲሆን ወዲያው ለውጡ። ጀርባዋን በለብታ ውኃ አጥባችሁ ሙሉ በሙሉ አድርቁ። ሽንት የነካው ቆዳ ይላጣል፤ ዝንብም እርጥብ ጸጉር ላይ እንቁላል ትጥላለች፣ እንቁላሉም በአንድ ቀን ውስጥ ትል ሆኖ ሥጋዋን ይበላል። በቀን ሁለት ጊዜ ጸጉሯን ገላልጣችሁ ፈትሹ፤ ትል ካያችሁ በሰዓታት ውስጥ ሐኪም ዘንድ መድረስ አለባት።

ስለ መግደሉ የምለው ይህ ነው። ራሷ የምትበላ፣ ዙሪያዋን የምትመለከት፣ ስትነካ የምትነቃ ከሆነች ጊዜ ስጧት። አከርካሪዋ መቆረጡ ከተረጋገጠ፣ ማስታገሻ እየተሰጣት ጥርሷን ማፋጨቷን ካልተወች፣ ወይም ሽንቷን መሽናት አቅቷት ፊኛዋ በየጊዜው ከተወጠረ ግን ማቆየቱ ለእሷ ሳይሆን ለእኛ ይሆናል። ያን ጊዜ ሐኪሙ አስተኝቶ በመርፌ ቢያሳርፋት ትክክል ነው እላለሁ፤ በዱላ ወይም ውኃ ውስጥ በመንከር መግደል ግን ጭካኔ ነው።

ጥያቄ (ከሐይቅ)፦ ሁለት ወር ያልሞላቸው ግልገሎች በተቅማጥ አለቁብኝ። ቤቱን በበረኪና አጥቤ ሌሎች ባስገባ ችግር አለው?

መልስ፦ ጡት በጣሉ ሰሞን በተቅማጥ የሚያልቁ ግልገሎች በአብዛኛው የሚሞቱት ኮክሲዲያ በተባለው ረቂቅ የአንጀት ጥገኛ ነው፤ የኩስ ምርመራ ያረጋግጠዋል። የዚህ ጥገኛ እንቁላል በረኪናን ይቋቋማል። ስለዚህ ጉዝጓዙን በሙሉ አውጥተህ አቃጥል፣ ወለሉን ፍቀህ አጽዳ፣ የፈላ ውኃ ደፍተህ በጠራራ ፀሐይ ደጋግመህ አድርቀው። መመገቢያውን ከወለሉ ከፍ አድርገህ ስቀለው፤ ኩስ የነካው ሣር ነው በሽታውን የሚመልሰው። የተረፉት ታላላቆች ጤነኛ ቢመስሉም ጥገኛውን ሊሸከሙ ስለሚችሉ፣ አዲሶቹን ከማስገባትህ በፊት የእነሱም ኩስ ይመርመር።