ባለ ተርቦ ትንሽ መኪና ለዕለት ምልልስ፦ ከሳንዴሮዬ ጋር ካሳለፍኳቸው ዓመታት

ጤና ይስጥልኝ እህቴ። ጥያቄዎን በጥሞና አንብቤዋለሁ። በአረጋውያን መንከባከቢያ ቤት በፈረቃ እንደሚሠሩ፣ ከሐናው ፍራንክፈርት ደርሶ መልስ በቀን 50 ኪሎ ሜትር ያህል እንደሚጓዙ፣ ሌሊት ሌሊት ባቡር ስለሚያስቸግርዎ በአቅምዎ መኪና ለመግዛት እንዳሰቡ ጽፈዋል። የሞተሩ መጠን አንድ ሊትር የሆነ፣ ተርቦ (አየር አምቆ ለሞተሩ የሚሰጥ መሣሪያ) ያለው የቤንዚን መኪና ቢጠቁሙዎትም «አዲስ አበባ የነዳሁት ቪትዝ ዳገት ላይ ያቃስት ነበር፤ አንድ ሊትር ሞተር አውቶባን (የጀርመን ፈጣን አውራ ጎዳና) ላይ ምን ሊፈይድልኝ ነው? ተርቦውስ ቶሎ ተበላሽቶ ዕዳ አይሆንብኝም?» የሚል ስጋት አለብዎ። እኔ እዚሁ ጀርመን፣ ካስል ከተማ አጠገብ የምኖር ስሆን፣ በፈረንጆች 2021 አዲስ የገዛኋትን ባለ 90 ፈረስ ጉልበት ዳቺያ ሳንዴሮ እስካሁን 68 ሺህ ኪሎ ሜትር ነድቻታለሁ። መካኒክ አይደለሁም፤ የምነግርዎ የራሴን ወጪና የራሴን ስሕተት መዝግቤ ካቆየሁበት ደብተር ነው። ለእርስዎ ምልልስ እንዲህ ያለች መኪና ትበቃለች፤ ተርቦውም ዕዳ የሚሆነው አያያዙን ለማያውቅ ሰው ነው ብዬ አምናለሁ።

የቪትዙን ነገር አስቀድሜ ልመልስ፤ እኔም ወደዚህ አገር ስመጣ ይህንኑ ፍርድ ይዤ ነበርና። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛው ያህል ብቻ ነው። ተርቦ የሌለው ሞተር ማቃጠል የሚችለው በራሱ ትንፋሽ በሳበው አየር ልክ በመሆኑ፣ ወደ እንጦጦ ሲወጡ ያቃስት የነበረው ቪትዝ ከፋብሪካ ይዞት ከወጣው ጉልበት ሩብ ያህሉን ስሱው አየር ነጥቆት ነበር ማለት ነው። ፍራንክፈርት ከባሕር ወለል 100 ሜትር ገደማ ብቻ ከፍ ያለች ከተማ ናት፤ ያው ቪትዝ እዚህ ቢመጣ ሌላ መኪና ይመስልዎት ነበር። ስለዚህ በሊትር ብቻ አይፍረዱ።

ተርቦ ሲጨመርበት ደግሞ ልዩነቱ ይሰፋል። ተርቦ ከሞተሩ በሚወጣው ትኩስ ጭስ ኃይል እየተሽከረከረ አየርን አምቆ ወደ ሲሊንደሮቹ የሚያስገባ መሣሪያ ነው፤ ብዙ አየር ሲገባ ብዙ ቤንዚን ማቃጠል ይቻላል፣ ትንሹም ሞተር በሚፈለግበት ሰዓት የትልቁን ሥራ ይሠራል። በሳንዴሮ ላይ ይህ በግልጽ ይታያል፤ ምክንያቱም በመጠን እኩል የሆነ 999 ሲሲ፣ ባለ ሦስት ሲሊንደር ሞተር ፋብሪካው ያለ ተርቦም አቅርቧል። ተርቦ የሌለው 67 ፈረስ ጉልበትና 95 ኒውተን ሜትር የመጎተት ኃይል ሲሰጥ፣ ባለ ተርቦው 90 ፈረስ ጉልበትና 160 ኒውተን ሜትር ይሰጣል። አውቶባን መግቢያ ላይ ከጭነት መኪኖች መካከል ለመግባት ሲሞክሩ የሚያስፈልግዎ የፈረስ ጉልበቱ ቁጥር ሳይሆን ይህ ሁለተኛው ቁጥር ነው፤ ሞተሩ ገና በደቂቃ ሁለት ሺህ ዙር እንዳለፈ ስለሚገኝ ሞተሩን ማስጮህ ሳያስፈልግዎ መኪናዋ ትገፋለች።

እኛ በወር አንድ ጊዜ ለቤተ ክርስቲያን ፍራንክፈርት እንወርዳለን። እኔ፣ ባለቤቴ፣ ሁለት ልጆቻችንና አማቴ፤ ከኋላ ደግሞ አማቴ ያለ እርሱ የማትንቀሳቀሰው የምግብ ጭነት። ከካስል ደቡብ ያሉትን የአውቶባን ዳገቶች በዚህ ጭነት ስንወጣ፣ ስድስተኛ ማርሽ ላይ እንደ ሆንኩ ነዳጅ ብረግጥ መኪናዋ ትደክማለች። ወደ አምስተኛ፣ አንዳንዴም ወደ አራተኛ ስመልሳት ግን ፍጥነቷን ሳታጣ ትወጣዋለች። ብዙ ሰው «ተርቦ አለኝ» ብሎ በከፍተኛ ማርሽ ዝቅተኛ ዙር ላይ እስከ ጥግ ይረግጣል፤ ይህ የትንሽ ተርቦ ሞተር ትልቁ ጠላት ይመስለኛል። ሞተሩ ሲንቀጠቀጥ ከተሰማዎ አንድ ማርሽ ይቀንሱ፤ ነዳጅም አያባክንብዎትም።

ስለ ነዳጅ፦ ፋብሪካው የሚጽፈው በ100 ኪሎ ሜትር ከ5.2 እስከ 5.3 ሊትር አካባቢ ነው። የእኔ ደብተር ከሞላሁት ሊትርና ከተጓዝኩት ኪሎ ሜትር አስልቶ የሚያሳየው የአራት ዓመቱ አማካይ 5.9 ሊትር ነው። በገጠር መንገድ በ80 እና በ90 ስነዳ 5 ሊትር አይሞላም፤ ከተማ ውስጥ በክረምት አጭር አጭር ጉዞ ሲበዛ ከ7 ያልፋል፤ አውቶባን ላይ በ120 ወደ 6፣ በ140 ግን ከ7 ተኩል በላይ ትጠጣለች። ተርቦ ያለው ትንሽ ሞተር ቁጥብ የሚሆነው ቀስ ብለው ሲነዱት ብቻ ነው፤ ሲያሯሩጡት አየሩን ሲያምቅ ቤንዚኑንም አብሮ ያፈሳል። ለእርስዎ ሒሳቡን ልሥራው፦ በዓመት 220 የሥራ ቀን በ50 ኪሎ ሜትር ሲባዛ 11 ሺህ ኪሎ ሜትር ይሆናል። በ6 ሊትር ካሰብነው 660 ሊትር፣ ሊትሩን 1.70 ዩሮ ብንለው 1,122 ዩሮ ነው። ለሥራ ዘግይተው በ140 የሚበሩ ከሆነና ፍጆታው 7 ከገባ በዓመት 187 ዩሮ ይጨምራል። ኢ10 የተባለውን፣ እስከ አሥር በመቶ ኢታኖል የተቀላቀለበትን ቤንዚን መሙላት ይችላሉ፤ እኔ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የምሞላው እሱን ነው። የመኪና ግብሩም ቀላል ነው፤ ለሞተሩ መጠን 20 ዩሮ፣ በሚያወጣው ጭስ ልክ ደግሞ ተጨማሪ፣ በድምሩ በዓመት ወደ 70 ዩሮ ገደማ።

አሁን ወደ ዋናው ስጋትዎ ልምጣ። አገር ቤት ተርቦ የምናውቀው ከአይሱዙና ከላንድክሩዘር ነው፤ የአይሱዙ ሹፌሮች ረጅም መንገድ ነድተው ሲቆሙ ሞተሩን ወዲያው አያጠፉም፣ «ትንሽ ይተንፍስ» ይላሉ። ትክክል ናቸው። ተርቦው በደቂቃ ከመቶ ሺህ ዙር በላይ የሚሽከረከር፣ በጭስ የጋለ፣ ሕይወቱም በሞተር ዘይት ላይ የተንጠለጠለ ዕቃ ነው፤ በጋለበት ቅጽበት ሞተሩ ሲጠፋ ዘይቱ መዘዋወሩን ያቆምና እዚያው ውስጥ ያራል። ነገር ግን ጀርመን አገር ቆሞ ሞተርን ያለ ምክንያት ሲሠራ መተው በትራፊክ ደንቡ የተከለከለ ስለ ሆነ፣ እኔ የማደርገው ከአውቶባን ከወጣሁ በኋላ የመጨረሻዎቹን ሁለት ኪሎ ሜትሮች ረጋ ብዬ መንዳት ነው። ቤቴ ስደርስ ተርቦው ቀዝቅዞ ይጠብቀኛል። ጠዋትም እንዲሁ፦ ሞተሩን አስነስተው ወዲያው ይንቀሳቀሱ፣ ግን የመጀመሪያዎቹን አሥር ደቂቃዎች ከሦስት ሺህ ዙር አያሳልፉት፤ በጥር ብርድ ዘይቱ ገና እንደ ማር ወፍራም ነውና።

ዘይት ላይ ስስት አይገባም። የመመሪያ መጽሐፉ ከሚፈቅደው ርቀት ቀድሜ በየ12 ሺህ ኪሎ ሜትሩ ዘይትና ፊልትሮ እቀይራለሁ፤ የዘይቱ ዓይነት መጽሐፉ ላይ በስም የተጻፈው ደረጃ እንጂ «ተመሳሳይ ነው» የተባለው አይደለም። የዚህ ሞተር ጥሩ ጎን ቫልቮቹን (የሲሊንደሩን የአየር በሮች) የሚያንቀሳቅሰው የጎማ ቺንጋ ሳይሆን የብረት ካቴና መሆኑ ነው፤ በተወሰነ ኪሎ ሜትር ቺንጋ የማስቀየር ትልቅ ወጪ የለብዎትም። ቤንዚኑንም በቀጥታ ሲሊንደሩ ውስጥ ሳይሆን ከቫልቮቹ በፊት ስለሚረጨው ቫልቮቹ ላይ ጥቀርሻ የመከማቸቱ ችግር ያንሳል።

አንድ ጊዜ ግን ደንግጬ ነበር። በሦስተኛው ዓመት አንድ ጠዋት ዳገቱን ስጀምር መኪናዋ ማፏጨት ጀመረች፣ ጉልበቷም ከግማሽ በታች ወረደ፤ የሞተር ማስጠንቀቂያ መብራትም በራ። የወሰድኳት ጋራዥ ኮምፒዩተር ሰክቶ አየና «ተርቦው ሞቷል፣ መቀየር አለበት» ብሎ ከ1,400 ዩሮ በላይ የሆነ ግምት ሰጠኝ። ገንዘቡ አልነበረኝምና ወደ ሌላ ጋራዥ ወሰድኳት። ሁለተኛው መካኒክ ኮፈኑን ከፍቶ፣ በባትሪ መብራት እያየ በጣቱ ከተርቦው የሚወጣውን ወፍራም የጎማ ቱቦ ዳበሰና ሳቀ። ማርደር የሚሉት፣ የእኛን ሸለምጥማጥ የሚመስል አውሬ ሌሊት ገብቶ ቱቦውን ነክሶታል፤ የጥርሱ ቀዳዳዎች ቁልጭ ብለው ይታያሉ። የታመቀው አየር በዚያ እየሾለከ ነው የሚያፏጨው። ቱቦውና እጅ ሥራው 140 ዩሮ ፈጀ። ኢንሹራንሴ የማርደር ጉዳት የሚሸፍን ቢሆንም የመጀመሪያው 150 ዩሮ በእኔ ስለ ነበረ፣ አውሬው እንኳ ሒሳቡን አሳምሮ የሠራው ይመስል ሙሉውን እኔው ከፈልኩ። ከዚያ በኋላ የገባኝ፣ ተርቦ ያላት መኪና ጉልበት ስታጣ ከተርቦው በፊት ቱቦዎቹና ማሰሪያዎቻቸው መታየት እንዳለባቸው ነው። ኢንሹራንስ ሲገቡም የማርደር ጉዳት መሸፈኑን፣ ንክሻው ያስከተለው ተከታይ ብልሽትም መካተቱን ይጠይቁ።

ስለ መኪናዋ ጉድለት ዝም ብል ደግሞ ታማኝ አልሆንም። በ2021 ዩሮ ኤንካፕ በተባለው፣ አዳዲስ መኪኖችን በሚፈትነው የአውሮፓ ድርጅት የደኅንነት ፈተና ያገኘችው ከአምስት ኮከብ ሁለት ብቻ ነው። ለዝቅተኛ ውጤቱ ትልቁ ምክንያት የዘመናዊ መርጃ መሣሪያዎች መጓደል ሲሆን፣ ለምሳሌ በራሱ የሚይዘው ፍሬን ከፊት ያለ መኪናን እንጂ እግረኛን አይለይም ነበር። ሌሊት ከፈረቃ ደክመው ለሚመለሱ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ በኋላ የወጡትን ሞዴሎች ሲያዩ ይህ ተሻሽሎ እንደ ሆነ በጽሑፍ ያረጋግጡ። ከ120 በላይም ድምፅ አላት፤ አማቴ ከኋላ ስታወራ አልሰማትም፣ እሱን ግን እንደ ጉድለት አልቆጥረውም።

በዚህችው ሞተር፣ በፈሳሽ ጋዝም (ኤልፒጂ) በቤንዚንም የምትሠራ ባለ 100 ፈረስ ጉልበት ሳንዴሮም ነበረች። እኔ በገዛሁበት ጊዜ በዋጋ ብዙም አትበልጥም ነበር፤ ጋዙ በሊትር ከቤንዚን እጅግ ይረክሳል፣ ፍጆታው ግን ከፍ ይላል። በመንገድዎ ላይ የጋዝ ማደያ ካለ እሷን እንዲመርጡ እመክራለሁ፤ እኔ ራሴ ዛሬ ብገዛ የምገዛው እሷን ነው። ተርቦ የሌላትን ርካሿን ግን ከከተማ ለማይወጣ ሰው ይተዉለት።

አዲስ የመግዛት አቅም ከሌለዎትና ሁለተኛ እጅ ከሆነ የሚፈልጉት፣ ከኪሎ ሜትሩ ይልቅ የዘይት ቅያሪ ደረሰኞቹን በቀን ቅደም ተከተል ይመልከቱ፤ ደረሰኝ የሌለው ባለ ተርቦ መኪና ምንም ቢረክስ ይለፍዎ። ሲሞክሯት ሜዳ ላይ ብቻ አይዙሩ፤ ዳገት ፈልገው በሦስተኛ ማርሽ ከሁለት ሺህ ዙር ጀምሮ ይርገጡ፣ ፉጨት ወይም መንገጫገጭ መኖሩን ያዳምጡ፣ አብሮዎት የሄደ ሰው ከኋላ ሰማያዊ ጭስ ይወጣ እንደ ሆነ ይይልዎ። ሻጩንም ሞተሩን አስቀድሞ እንዳያሞቀው ይንገሩት፤ ሲደርሱ ኮፈኑን በእጅዎ ነክተው ሞቆ ካገኙት፣ ምንም ሳይከራከሩ ለሌላ ቀን ቀጠሮ ይያዙ።